ሰባተኛው ቅጠል

ቢላውን ከሻሌ ስር፣ የሙጫውን ቆርቆሮ ከብብቴ አድርጌ ቁልቁለቱን ስወርድ ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። ሌሊቱን ሲያካፋ ያደረው ዝናብ የመንገዱን ድንጋይ አሙለጭልጮታል። በዚያ ላይ የተጫማሁት የሟቹን የባለቤቴን ጫማ ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፌበታለሁ። «ወድቄ ወገቤ ቢሰበር ማን ያነሳኛል?» እያልኩ፣ ግን አንዴም ሳላዘግም ወረድኩ። የመንገድ ፋኖስ አጥፊው መሰላሉን ተሸክሞ ከታች ሲመጣ አየኝ።

«እማማ ደወሏ! ዛሬስ ዶሮውን ቀደሙታ!»

የቀደምኩት ዶሮውን ሳይሆን ሻለቃውን ነው ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«አቧራው በዝቶብኝ ነው ልጄ፣ ላራግፍ» ብዬ አለፍኩ። በዝናብ ማግስት አቧራ! ጨዋ ሰው ነው፣ ፊት ለፊቴ አልሳቀም።

የትምህርት ቤቱ ደወልም፣ መጥረጊያም፣ ቁልፍም በእኔ እጅ ነው። መምህርቷ ልጄ ናት። አርባ ሁለት ልጆችን በአንድ ክፍል ታስተምራለች፤ ከአርባ ሁለቱ አንዷ የራሷ ልጅ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የወላጆቿን ስም እንኳ የማያውቅ ሰው ቅጽል ስሟን ያውቃል፤ «ጠበቃ» ይሏታል። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣችብንም ይቺው ጠበቃችን ናት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ወረዳውን እንዲያስተዳድር አዲስ የተሾመው ሻለቃ ፈረሱን ከአደባባዩ የውሃ ገንዳ ላይ አስሮ ወደ ፖስታ ቤት ሊገባ ሲል ጠበቃ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረሰች። ቆመች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፦

«ጌታዬ ሻለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማስታወቂያው እዚህ እንስሳ ማሰር ክልክል ነው ይላል» አለችው።

«ማስታወቂያውን ማን እንደፈረመው ታውቂያለሽ?»

እሷ ደግሞ ምን አለባት፣ ጠጋ ብላ አነበበች። «እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

ፖስታ ቤቱ ደጃፍ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። የጎዳን ሳቃቸው ነው እንጂ የልጅ አፍማ ምን ቁም ነገር አለው። ሻለቃው ጓንቱን እያጠለቀ፣ ይህን ማን እንዳስተማራት ጠየቃት።

«መምህርት ናት። ትምህርት ሰባት።»

ውሸት አታውቅማ። አታውቅም!

ትምህርት ሰባት የግብረ ገብ መጽሐፋችን ሰባተኛው ቅጠል ነው። ጌታችን በመጨረሻዋ እራት ላይ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ይተርክና፣ ከዚያ ወደ ከተማችን ይመጣል፤ ሹም የተሾመው ሕዝብን ሊያገለግል ነው፣ ሕግም ተራውን ሰው እንደሚይዘው ሹሙን ይይዘዋል ይላል። ልጄ ናት የጻፈችው። የደብሩ ጽሕፈት ቤት በማባዣ መኪናው አተመልን፤ እኔ አጣጠፍኩት፣ ሰፋሁት። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና መጽሐፍ ጠራዥ ስለነበር ከእሱ የተማርኩት ሙያ ነው።

እንግዲህ ቢላ ይዤ በወጣሁበት ጠዋት ዋዜማ፣ ገና ሳይመሽ፣ ቴሌግራፈኛው በጓሮ በር መጣ። ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ ከቤታችን ሳይገባ ከደጃፉ ቆሞ ተናገረ።

«እትዬ መምህርት፣ ይህን ከእኔ አልሰማሽም። ነገ በሦስት ሰዓት የትምህርት ተቆጣጣሪው ይመጣል። ሻለቃው ነው በቴሌግራም ያስመጣው፤ ትምህርት ሰባትን በዓይኑ እንዲያየው ይፈልጋል።»

«ደግሞ ምን ይላል ቴሌግራሙ?» አልኩ እኔ።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ ብናገር ነገ እኔም ግብረ ገብ ልማር ነው የምመጣው» ብሎ በጓሮው ተመለሰ።

ልጄ በቀይ ቀለም ደብተር ታርም ነበር። ማረሟን አላቆመችም።

«አንቺ ልጅ» አልኳት፣ «አንዲት ቅጠል ናት። ለአንድ ቀን ብናወጣት ምን ይጎዳናል?»

«እማዬ፣ ያቺን ከፈራኋት የቀሩትን በምን ፊቴ አስተምራለሁ?»

«በምን ፊትሽ? በዚሁ ፊትሽ ነዋ! አባት የሌላት ልጅ ይዘሻል፤ ከሥራ ቢያወጡሽ እሷን ማን ያሳድጋታል? ነገ እኔ ዓይኔን ስከድንስ?»

«ዓይንሽን ስትከድኚ እንነጋገራለን። አሁን ሂጂና ተኚ።»

ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። እኔ ግን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ቤተሰቡን ለማትረፍ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው አልኩ፤ ሲነጋጋ ቢላዬን ስዬ ወጣሁ።

ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ፋኖሱን ለኮስኩ። አርባ ሁለቱ የልጆቹ መጻሕፍትና አርባ ሦስተኛው የልጄ፣ ከቁምሳጥኑ ውስጥ በረድፍ ተደርድረዋል። ትንሽ ነገር ላስረዳ፤ መጽሐፍ ሰፍቶ የማያውቅ ሰው ቅጠሎቹ አንድ በአንድ የተደረደሩ ይመስለዋል። አይደሉም። አሥራ ሁለት ሰፋፊ ወረቀት ይነባበርና መሃል ለመሃል ይታጠፋል፤ እጥፋቱ በወስፌ ይበሳል፣ በክር ይሰፋል። አሥራ ሁለቱ ሲታጠፉ ሃያ አራት ቅጠል ይሆናሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጠል ከወዲያኛው ወገን የሚይዘው መንታ አለው። የሰባተኛው መንታ አሥራ ስምንተኛው ነው። ሰባተኛውን ከሥሩ የቆረጠ ሰው አሥራ ስምንተኛውን ፈታው ማለት ነው፤ ክር አይይዘውም። አሥራ ስምንተኛው ላይ ደግሞ ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ያስገባነው የአገረ ገዥው ሥዕል ነበረ፣ ከነኒሻኑ፣ ከነጢሙ።

ይህን እኔ አጥቼው አይደለም። ባለቤቴ «ቅጠል ስታወጪ አንድ ጣት ስፋት ጠርዝ ሳታስቀሪ እንዳትነሺ» እያለ ሠላሳ ዓመት ነግሮኛል። የቀረው ጠርዝ ክሩ ውስጥ ስለሚቆይ መንታውን አጥብቆ ይይዘዋል። የብረት ማስመሪያዬን አስደግፌ፣ ጠርዝ እያስቀረሁ፣ አንድ ሁለት እያልኩ ቆረጥኩ። ሐሳቤ እንግዶቹ እንደሄዱ ቅጠሎቹን መልሼ በሙጫ ልለጥፋቸው ነው። ያወጣሁትን ሁሉ ከሽርጤ ኪስ ከተትኩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ስደርስ በሩ ተንኳኳ።

«አያቴ?»

ጠበቃ ናት። በዚያ ሳምንት የቀለም ብልቃጦቹን የመሙላት ተራ የእሷ ነበር፤ ለካ ተራዋ ሲሆን ከወፍ ቀድማ ነው የምትነሳው። የቆረጥኩትን በክንዴ ሸፈንኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«መጻሕፍቱን እያደስኩ።»

«ልርዳሽ?»

«አንቺ ቀለምሽን ሙዪ። ወዲህ እንዳትመጪ፣ ሙጫ ያቆሽሽሻል።»

«እሺ አያቴ። ጎበዝ ነሽ፤ ማንም ሳያዝሽ!»

አመነችኝ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው። ብትጠራጠረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጄ የእኔ አልሆነም። ልጆች ከውጭ መንጫጫት ጀመሩ። ማስመሪያውን ተውኩትና የቀሩትን አሥራ ሁለት በዓይን ግምት፣ ክሩ ስር ድረስ ገብቼ ገሸለጥኳቸው። አሥራ ስምንተኛው ቅጠል ሲንሸራተትብኝ በሙጫ ጠብ ጠብ አደረግኩበትና ዘጋሁት። እርጥበት ባለበት ቀን ሙጫ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ የማውቅ ሴት፣ አላውቅም አልኩ።

ደወሉን ደወልኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ባለ ሁለት ፈረስ ሠረገላ ደጃፉ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ሻለቃው ወረደ፤ ነጭ ጓንት፣ የሚያቃጭል የጫማ ብረት፣ የተላጨ ፊት። ቀጥሎ አንድ አሥር አለቃ ጠመንጃውን እንደያዘ። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው፤ የሰዓቱ ሰንሰለት ሆዱ ላይ የተንጠለጠለ፣ ቀጭን፣ አፍንጫው የቀላ ሰውዬ። የቆዳ ቦርሳውን በአንድ እጁ፣ መሐረቡን በሌላው ይዞ ያስነጥሳል።

ልጆቹ ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ!» አሉ። ሻለቃው የልጄን ወንበር ስቦ ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ ተቀመጠበት። ተቆጣጣሪው ከጎኑ አግዳሚው ላይ፣ ከልጆቹ እንደ አንዱ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተሸጎጠ። እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ሽርጤ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ስተነፍስ ይንኮሻኮሻሉ፤ ስለዚህ ላለመተንፈስ ሞከርኩ።

«መምህርት» አለ ተቆጣጣሪው፣ «የግብረ ገብ መጽሐፍ ያስወጡልኝ። ትምህርት ሰባት።»

ልጄ ፊቷ አልተለወጠም። «መጽሐፋችሁን አውጡ። ትምህርት ሰባትን ግለጡ።»

የወረቀት መገለጥ ድምፅ ሞላ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቆመ። ከሁለተኛው ረድፍ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ጉንጮ የሚሉት፣ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ የእኔ ከስድስት ወደ ስምንት ዘለለ።»

«የእኔም!»

«የእኔም ዘለለ!»

«ምናልባት ውስጥ ገብቶ ተጣብቆ ይሆናል» አለ ጉንጮ፤ ሁልጊዜ መፍትሔ የማያጣ ልጅ ነው። መጽሐፉን ሽፋንና ሽፋኑን ይዞ ወደ ታች ዘቅዝቆ አራገፈው።

አገረ ገዥው ወደቀ። አየር ላይ አንዴ ተገለበጠና ከሻለቃው ጫማ ፊት በግንባሩ ተደፋ።

የጉንጮን ዘዴ ያየ ሁሉ መጽሐፉን ማራገፍ ጀመረ። ሁለተኛው አገረ ገዥ ወደቀ፤ ሦስተኛው፤ ሰባተኛው። አንዷ ትንሽ ልጅ ላንሳ ብላ ስታጎነብስ በሌላኛው ላይ ቆመችበት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሻለቃው ተነስቶ ቆሟል።

«ተቆጣጣሪ፣ አየህ አይደል? እኔ አጋነንኩ? ትምህርቱን ደብቃዋለች፣ ሥዕሉን ለልጆች እግር ጥላዋለች!»

ልጄ ከጉንጮ እጅ መጽሐፉን ወስዳ እጥፋቱን ተመለከተች። የጠራዥ ልጅ ናት፤ የተቆረጠበትን መስመር አንዴ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የማን እጅ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት አውቃለች። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ክቡር ተቆጣጣሪ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

«አውቃለሁ። የምመልሰው ግን እሱን ነው።»

ሻለቃው ሳቀ። ድንገት ድምፁን አለስልሶ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ ያ ለስላሳ ድምፅ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ልጆች፣ መምህርታችሁ መዋሸት ኃጢአት ነው ብላ አስተምራችሁ የለም?»

«አስተምራናለች።»

«ጎሽ። እንግዲያው ዛሬ ጠዋት እነዚህን መጻሕፍት ሲነካ ያያችሁት ሰው ካለ፣ ያየ ይነሳና ይንገረኝ።»

ጠበቃ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ታያለች፤ የቀለም ጠብታ አለባቸው። ቀስ ብላ ቀና አለችና አየችኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት፤ ዓይኗ ውስጥ ሲገባት አየሁት። ወገቧን ከአግዳሚው አነሳች፣ መለሰች፣ ደግሞ አነሳች።

አቤት፣ ምን አደረግኩ! ይቺን ልጅ ከሹም ላድናት ብዬ ወጥቼ፣ ከሹም የከፋ ነገር ፊት አቆምኳት። ብትናገር አያቷን ትሸጣለች፤ ዝም ብትል እናቷ ያስተማረቻትን ትክዳለች። በዘጠኝ ዓመቷ!

«ተቀመጪ የኔ እናት» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። መጥረጊያው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ጯ አለ። «እኔ ነኝ።»

ሻለቃው ገላመጠኝ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ደወል ደዋይዋ ነኝ። የመምህርቷ እናት። እሷ አታውቅም፤ ከጀርባዋ ነው የሠራሁት። ቢላውም ይኸውና» ብዬ ከሻሌ ስር ሳወጣው አሥር አለቃው ክው ብሎ ጠመንጃውን አነሳ።

«አይዞህ ልጄ፣ ወረቀት ነው የምቆርጥበት» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። አሥር አለቃውም ሊስቅ ሲል ሻለቃውን አየና ተወው።

ተቆጣጣሪው እርሳሱን አወጣ። «ለምን ቆረጡት፣ እናቴ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን ፈርተው?»

ጣት መቀሰር ነውር ነው ብዬ በአገጬ አመለከትኩ። «እሳቸውን።»

ተቆጣጣሪው አስነጠሰ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ከሻለቃው ጋር ያለኝ ነገር ሳያልቅ እሷን ማናገር ነበረብኝ።

«ጠበቃ፣ ጠዋት እያደስኩ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺን ነው የዋሸሁት፤ ይቅር በይኝ።»

በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገችና እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አለ ተቆጣጣሪው፣ ከቦርሳው ያወጣውን ቀጭን መጽሐፍ እየገለጠ። «የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያበላሸ ሰው እንደነበረ አድርጎ ይጠግናል። እናታችን ሙያውን የሚያውቁት ይመስላሉ።»

«ጥገናው ይቆየን» አለ ሻለቃው። «በአስተዳዳሪነቴ መምህርቷን ከነገ ጀምሮ ከሥራ አግጃለሁ። ጉዳይዋ በበላይ ይታያል። ይህ ሥልጣን አለኝ ወይስ የለኝም?»

ተቆጣጣሪው ገለጠ፤ አነበበ። «አለዎት። ለሠላሳ ቀን።» ከዚያ ሰዓቱን አየ። «እኔ ግን ሪፖርት እጽፋለሁ። ያልሰማሁትን ትምህርት ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም።»

እኔ ሠላሳ ቀን የሚለውን ስሰማ ሄጄ ሻለቃው እግር ስር ተንበረከክኩ። አዎ፣ ተንበረከክኩ፤ አልደብቅም። «ጌታዬ ሻለቃ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ይሰሩኝ፣ እሷን ይተዉልኝ፣ ልጅ አለቻት...»

«እማዬ፣ ተነሺ።»

ልጄ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። ከዚያ ወደ ሻለቃው ዞረች።

«ከነገ ጀምሮ ነው ያሉት፣ ክቡር ሻለቃ?»

«ከነገ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ዛሬ መምህርት ነኝ።» ወደ ክፍሉ ዞረች። «ልጆች፣ የወደቁትን ሥዕሎች አንሱ። በንጹህ ጨርቅ ጥረጓቸውና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጡ። የማንም ሰው ፊት፣ በወረቀት ላይም ቢሆን፣ አይረገጥም። ጎሽ። እማዬ፣ ቅጠሎቹ የት አሉ?»

ከሽርጤ ኪስ አወጣኋቸው። ላቤ አርሷቸዋል።

«አድያቸው።»

«ምን?»

«ለልጆቹ አድያቸው። ትምህርት ሰባትን እንማራለን።»

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ከረድፍ ረድፍ እያለፍኩ፣ ፈርቼ የቆረጥኩትን ቅጠል በገዛ እጄ ለእያንዳንዱ ልጅ ሰጠሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው፤ የኋለኞቹ አይጥ የበላቸው ይመስላሉ። «አመሰግናለሁ እማማ» ይላሉ አንድ በአንድ። ጉንጮማ «ሙጫው ይሸታል፣ ጣፋጭ ነው እንዴ?» አለኝ። ጠበቃ የእሷን ስትቀበል ጣቴን ለአፍታ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝ። አርባ ሁለቱን ጨርሼ አንዷ እጄ ላይ ቀረች፤ የልጄ ነች።

«የእኔን ለሻለቃው ስጪ» አለች። «እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ከፊቱ ቆምኩ። በሁለት እጄ ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም። ከፊቱ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እንዳይጠቀለል በመዳፌ ደለደልኩት። «ይከታተሉ፣ ክቡር ሻለቃ» አልኩት። ጓንት ያጠለቀ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ወደ ወረቀቱ ወረደ።

«ማን ያንብብልን?» አለች ልጄ።

አርባ ሁለት እጅ ወጣ። እሷ ወደ እኔ አየች።

«እማዬ፣ አንቺ አንብቢ።»

«እኔ? አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? እኔ ደወል ነው የምደውለው!»

«ልክ ነው። ክቡር ተቆጣጣሪ፣ የተከለከልኩት እኔ ነኝ። ደወል ደዋይ ለልጆች መጽሐፍ እንዳታነብ የሚከለክል ነገር አለ?»

ሰውዬው ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ። መሐረቡን ከአፍንጫው አነሳ። «ስለ ደወል ደዋይ... ምንም የተጻፈ የለም።»

«እንግዲያው ለሠላሳ ቀን የምታነብላቸው እሷ ናት። ድምፅዋን ከዛሬ ይልመዱት።»

የአንዷን ልጅ ቅጠል ተቀበልኩ። መነጽሬን አደረግኩ። እኔ የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ሰው ፊት አንብቤ የማላውቅ ሴት ነኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተራወጡ። ሁለተኛው ላይ ቆሙልኝ። ጌታችን ከማዕድ ተነስቶ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ እንደታጠቀ፣ ውሃ በመታጠቢያው እንደቀዳ፣ ሁሉ የሚንቀውን ሥራ እሱ እንደሠራ አነበብኩ። ሹም ለምን እንደሚሾም አነበብኩ። ሕግ ማንን እንደሚይዝ አነበብኩ፤ እዚያ ጋ ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት። ሻለቃው ወንበሩ ላይ ሲነቃነቅ ወንበሩ ጮኸ።

ከቅጠሉ ግርጌ የቃል ጥያቄ አለ። በክፍላችን ልማድ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ በተቀመጠበት ተራ ይመልሳል። ልጄ አንገቷን ነቀነቀችልኝ።

«ትናንት ማንን አገለገላችሁ?» ብዬ አነበብኩ።

ከመስኮቱ በኩል ተጀመረ።

«ታናሽ ወንድሜን ጫማውን አሰርኩለት።»

«የጎረቤታችንን ሽማግሌ ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ፤ የመጀመሪያውን አልሰሙኝም።»

«እኔ ማንንም አላገለገልኩም» አለ ጉንጮ፣ «ዛሬ ግን አስቤያለሁ።»

«ይቆጠርልሃል፣ ከሠራኸው» አለች ልጄ።

ጠበቃ ተነሳች። «ቀለም ሞላሁ» አለች፤ ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ «እሱ ዛሬ ነው። ትናንት ለእናቴ ክር ጠቀለልኩላት።»

እንዲህ እያለ በረድፎቹ ዞሮ ወደ ፊት መጣ። ተራው ከአግዳሚው ላይ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ግራ ቀኙን አየ፤ የሚተርፍ መስሎት ነበር። ልጆቹ ዓይናቸውን ጣሉበት።

«እኔ...» አለና አስነጠሰ፣ «ትናንት በዝናቡ ውስጥ ለሠረገላ ነጂው ጃንጥላ ይዤለት ነበር።»

«እግዚአብሔር ይማርዎ» አሉት አርባ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ከእሱ ቀጥሎ አንድ ወንበር ቀርቷል። ማለፍ እችል ነበር። «እንግዲህ አበቃ» ብዬ ቅጠሉን ባጥፈው ማንም አይወቅሰኝም፤ አሮጊት ናት፣ ፈራች ይባላል። ልጄን አላየኋትም፤ ይህን እሷ እንድትነግረኝ አልፈለግኩም። ሁለት እርምጃ ጠጋ ብዬ ፊቱ ቆምኩ።

«እርስዎስ፣ ክቡር ሻለቃ?» አልኩ። «ትናንት ማንን አገለገሉ?»

አርባ ሁለት ልጆች አንገታቸውን ወደ እሱ አዙረው ጠበቁ። እኔም ወረቀቱን እንደዘረጋሁ፣ መነጽሬን ሳላወልቅ፣ ጠበቅኩት።